የዘይት ቀለም ሚዲየም ምንድን ነው?

ሥዕል የጀመርኩ ሰሞን ቀለሙ ከብሩሹ አልላቀቅ ብሎ አስቸገረኝ። እኔ ሆዬ፣ ዘይት ከዘይት ምን ይጣላል ብዬ፣ ከእናቴ ጓዳ የሚረጋውን የፓልም ዘይት አምጥቼ ቀላቀልኩበት። የምሥለው የሐረርን የጀጎል ግንብ ነበር። ሦስት ወር ሆኖትም እጅ ላይ ይጣበቃል። የድሬዳዋ አቧራ እየተለጠፈበት ግንቡ እውነተኛ አፈር ለበሰ፤ ሁለት ዝንብም እዚያው ቀሩ።

ሚዲየም ማለት ቀለሙ ላይ ጨምረን ጠባዩን የምንለውጥበት ነገር ነው። እንዲፈስ፣ እንዲያብረቀርቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅ ወይም እንዲዘገይ ያደርገዋል። የኔ ጥፋት የቱ ላይ ነው? የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተኖ አይደርቅም፤ ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ይህን ደግሞ ሁሉም ዘይት አይችልም። የተልባ ዘይት ይችላል፣ የዋልነትም እንዲሁ። ፓልምና ወይራ ግን ዓመት ብትጠብቋቸውም ያው ናቸው።

ተርፐንታይን የሚባለው ማቅጠኛ ፈሳሽ ሌላ ነገር ነው። ቀለሙን ያቀጥንና ራሱ ተኖ ይጠፋል፤ በእኛ ሙቀት ክዳኑን ከፍታችሁ ሻይ ልትጠጡ ከወጣችሁማ ስትመለሱ ቀንሶ ነው የምታገኙት። ከበዛ ቀለሙን የሚይዘው ዘይት ይሳሳና ሲደርቅ እንደ ጠመኔ ይረግፋል። ሽታው ቀልድ አይደለም፣ መስኮት ክፈቱ።

ብዙ ሰዓሊ ተርፐንታይንና የተልባ ዘይት ቀላቅሎ ይሠራል። ታዲያ ቅደም ተከተል አለው፦ የመጀመሪያው ንብርብር ተርፐንታይን ይበዛበታል፣ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ዘይቱ ይጨምራል። ዘይት የበዛበት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ከሥር ካደረጋችሁት፣ ላዩ ደርቆ እሱ ገና ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ሥዕሉ ጎርፍ ካለፈ በኋላ እንዳለ የደቻቱ ወንዝ ጭቃ ይሰነጣጠቃል።

ችኩል ለሆነ አልኪድ የሚባል ሚዲየም አለ፤ ስስ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ገደማ ያደርቃል። ስታንድ ኦይል የሚሉት ደግሞ በሙቀት የወፈረ፣ ማር የመሰለ የተልባ ዘይት ነው፤ የብሩሽ ምልክት ያጠፋል።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ፣ ሲደርቅ የሚያወጣው ሙቀት መውጫ አጥቶ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። እኔ ደጅ የልብስ ገመድ ላይ አሰጣዋለሁ። እናቴ እስካሁን አልወደደችልኝም፤ የዘይቷንም ነገር አልረሳችም።