መንጋጋ ቆልፍ፦ መልኮቹና የነርስ እንክብካቤው

መንጋጋ ቆልፍ፣ በሕክምና ስሙ ቴታነስ፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቴታኒ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ዘሩ በአፈርና በከብት ፍግ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ደንቢያ ወይም ወገራ ላይ ከበሬ ኋላ የሚውል ገበሬ እሾህ ይወጋዋል። ነቅሎ ይጥለውና እርሻውን ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ጠባብና ጥልቅ ቁስል አየር ስለማይገባው ለባክቴሪያው ይመቸዋል። መርዙ በነርቭ በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰር ይሄዳል፤ ጡንቻ እንዲላላ የሚያደርገውን መልእክትም ያግዳል።

ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ቶሎ ከጀመረ ይከፋል። በብዛት የሚያጋጥመው መላ ሰውነትን የሚይዘው ዓይነት ነው። መጀመሪያ መንጋጋ ይገጥማል፣ መዋጥ ያስቸግራል፣ ከዚያ አንገትና ሆድ ይደርቃል፣ ጀርባም እንደ ደጋን ይለመጣል። ቁስሉ አካባቢ ብቻ የሚቀር ቀለል ያለ ዓይነትም አለ። ከጆሮ ኢንፌክሽን ወይም ከራስ ቁስል ተነስቶ የፊት ነርቭን የሚያሽመደምደውም አለ፤ ግን ይሄ ብርቅ ነው።

የጨቅላዎቹ ለብቻው ይታያል። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደህና ይጠባል፣ ያለቅሳል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ጡት መያዝ ያቅተዋል፤ ሲነኩት ይገታተራል። መንገዱ ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ የተቆረጠ ወይም እበት የተቀባ እትብት ነው። እናትን «መቼ መጥባት አቆመ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ያወጣል።

የነርሷ ትልቁ ሥራ ጸጥታ መጠበቅ ነው። በሽተኛው አእምሮው አይስትም፤ ሕመሙ ሁሉ ይሰማዋል። የበር ድምፅ፣ የስልክ ጥሪ፣ ድንገተኛ መብራት ጡንቻውን ያስገትረዋል። የጎንደር ሰው ደግሞ በሽተኛ ጠያቂ ነው፤ ከገጠር ተሰብስቦ ይመጣል። «እማማ፣ አንድ ሰው ብቻ ይግባ፤ ሌሎቹ ውጭ ይጠብቁ» ማለት ይከብዳል፣ ግን መባል አለበት። ምክንያቱን ካስረዷቸው ዘመዶቹ ራሳቸው በሩን ይጠብቃሉ። ሲገታተር ደግሞ ጥርሱን በማንኪያ ለመፈልቀቅ መታገል አያስፈልግም።

ማገላበጥ፣ አፍ ማጽዳትና ቁስል ማጠብ ማስታገሻው ከሠራ በኋላ በአንድ ላይ ቢሠሩ ይሻላል። የአክታ መምጠጫና ኦክስጅን ከአልጋው ጎን ዝግጁ ይሁኑ፤ የጉሮሮ ጡንቻ ሲጨመደድ ትንፋሽ ይቆማል። እያንዳንዱ መገታተር ስንት ሰዓት እንደመጣና ምን እንደቀሰቀሰው ይጻፍ፤ ሐኪሙ የማስታገሻውን የዲያዚፓምን መጠን የሚያስተካክለው በዚያ ነው። ፀረ መርዙ ቶሎ መሰጠት ያለበት ነርቭ ውስጥ የገባውን መርዝ ስለማይነካ ነው።

ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላዎችን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ በ2017 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል። ይህ ማለት በየወረዳው ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት የሚያዘው ከ1 በታች ሆኗል ማለት ነው እንጂ ባክቴሪያው ከአፈር ጠፍቷል ማለት አይደለም። እርጉዞች በክትትል ጊዜ ይከተባሉ። ጎልማሳ ወንዶችን ግን የሚያስታውሳቸው የለም፤ ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ጎረምሳ ከነዚህ አንዱ ነው። በሽታው ራሱም መከላከያ አይተውም። ስለዚህ የዳነ ሰው ክትባት ጀምሮ፣ የቀጣዩ ቀጠሮ ቀን ካርዱ ላይ ተጽፎለት ይውጣ።