አስፐን፦ የተራራ ከተማና የቤት ባለቤትነት

አስፐን በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በሮኪ ተራሮች መካከል፣ የሮሪንግ ፎርክ ወንዝ በሚያልፍበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነዋሪዎቿ 7,004 ብቻ ነበሩ። የአንድ ሰፈር ሰው በማትሞላው በዚህች ከተማ ራሱን የቻለ መኖሪያ ቤት አማካይ ዋጋው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በ2024 አንድ ቤት በ108 ሚሊዮን ዶላር ተሽጦባታል። እዚያው ከተማ ውስጥ ግን አውቶቡስ የሚነዳው፣ ሕፃናት የምታስተምረው፣ ሆቴል ውስጥ የሚያበስለው ሰው የራሱን ቤት ገዝቶ ይኖራል። ሁሉም አይደለም፤ ብዙው ሰው ዕድሉን አላገኘም። ያገኘው ግን እንዴት እንዳገኘ ማወቅ፣ ቤት መግዛት ሕልም ለሆነበት ለማንኛውም ከተማ ሰው የሚጠቅም ይመስለኛል።

ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት ማለት ይቻላል። ከባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚመጣ እንግዳ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሱን እያመመው፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ እያጠረው ያሳልፋል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው አየሩ የሰፈሩ አየር ነው። ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ምስሩም የሚበስለው አዲስ አበባ በለመደው ጊዜ ነው። እንግዳ የሚሆንበት በረዶው ነው።

ሸለቆው ዩት የሚባሉት ነባር ሕዝቦች አገር ነበር። በ1879 ብር ፈላጊዎች ደረሱ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ መንግሥት አብዛኞቹን የኮሎራዶ ዩቶች ከመሬታቸው አስነሥቶ ወደ ዩታ ሰደዳቸው። በ1887 የባቡር ሐዲድ ሲገባ ከተማዋ በብር ማዕድን ደመቀች፣ የኦፔራ ቤት እስከ መሥራት ደረሰች። በ1893 የአሜሪካ መንግሥት ብር የሚገዛበትን ሕግ ሲሽር ማዕድኑ ተዘጋ፤ ሕዝቡ እየተበተነ በ1930 ከተማዋ ውስጥ የቀረው 700 ሰው ያህል ነበር። ባዶ የቀሩ የእንጨት ቤቶች ለግብር ዕዳ ሲባል በጥቂት ገንዘብ ይሸጡ ነበር። ዛሬ እነዚያው ትንንሽ የማዕድን ሠራተኛ ቤቶች በሚሊዮን ዶላር ይቆጠራሉ።

ለውጡ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በአቅራቢያው ካምፕ ሄል በሚባል ሰፈር የሠለጠኑ የተራራ ጦር አባላት ከጦርነት ሲመለሱ የበረዶ ሸርተቴን ሥራ አደረጉት። ዋልተር ፔፕኪ የተባለ የቺካጎ ባለ ፋብሪካ ገንዘቡን አፈሰሰበት። በ1947 መጀመሪያ ላይ ሰው ተቀምጦ ተራራ የሚወጣበት የወንበር ሊፍት ተመረቀ፤ በ1950 የዓለም ሻምፒዮና ተደረገ። ከዚያ በኋላ አስፐን ሃይላንድስ፣ በተርሚልክና ስኖውማስ ተጨምረው የሸርተቴ ተራሮቹ አራት ሆኑ። በረዶ በሌለባቸው ሞቃት ወራትም ሥራ አይፈታም፤ የእግር መንገዱ፣ ብስክሌቱ፣ ዓሣ ማጥመዱ፣ የሙዚቃ ፌስቲቫሉ ሰው ይጠራል። ጸጥ የሚለው በሁለቱ መካከል፣ በረዶው ቀልጦ ጭቃ በሚሆንበት ጊዜና በመኸሩ መጨረሻ ነው። ያኔ ብዙ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፣ የሠራተኛው ደመወዝም ይቀንሳል፤ የቤት ብድሩ ወርሃዊ ክፍያ ግን ወቅት አይመርጥም።

ቤቱ ለምን ተወደደ? መሬት የለም። ሸለቆው ጠባብ ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ደንና ተራራ አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ አይሠራበትም። በተረፈችው መሬት ላይም ከተማውና ከተማዋ ያለችበት ፒትኪን ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግንባታን በጥብቅ ገድበዋል። ተራራው እንዲታይ፣ ሸለቆው እንዳይጨናነቅ ብለው ነው፤ ውበቱንም አትርፈውታል። በሌላ በኩል በዓመት ጥቂት ሳምንት ለመዝናናት የሚመጣ የዓለም ባለጸጋ ከደመወዝተኛው ጋር በአንድ ገበያ ይጫረታል። ብዙውን የዓመቱ ጊዜ መብራታቸው የማይበራ ቤቶች ባሉበት መንገድ፣ ሠራተኛ አጥቶ በሳምንት ሁለት ቀን የሚዘጋ ካፌ አለ።

ለዚህ የተሰጠው መልስ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ዲድ ሪስትሪክሽን ይባላል፤ በቤቱ የባለቤትነት ሰነድ ላይ የሚጻፍ ገደብ ማለት ነው። በአስፐንና በፒትኪን ካውንቲ የጋራ የቤቶች ባለሥልጣን ሥር እንዲህ ያሉ ከ3,000 በላይ የኪራይና የሽያጭ ቤቶች አሉ። ለትንሽ ከተማ ይህ ግዙፍ ቁጥር ነው። መግዛት የሚችለው በካውንቲው ውስጥ በዓመት ቢያንስ 1,500 ሰዓት የሚሠራ፣ ገቢውና ንብረቱ ለቤቱ ከተመደበው ደረጃ ያልዘለለ፣ በሸለቆው ውስጥ ሌላ መኖሪያ ቤት የሌለው ሰው ነው። ከገዛም በኋላ በዓመት ቢያንስ ዘጠኝ ወር ራሱ ሊኖርበት ይገባል። ለሽያጭ የቀረበውን ቤት ብዙ ሰው ስለሚፈልገው ዕጣ ይወጣል፤ በካውንቲው ረጅም ዓመት የሠራ ሰው የዕጣ ዕድሉ ይበዛለታል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየም ያስታውሳል፦ ተመዝግቦ፣ ቆጥቦ፣ ዓመታት ጠብቆ ዕጣ መጠበቅ። ልዩነቱ ዕጣው ከወጣ በኋላ ነው። የ20/80 ቤት የደረሰው ሰው ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ይከለከላል፤ አምስቱ ዓመት ሲያልፍ በገበያ ዋጋ ሊሸጠው ይችላል። አስፐን ላይ አብዛኛው ገደብ ጊዜ አያልፍበትም። የብዙዎቹ ቤቶች መሸጫ ዋጋ በዓመት ሊጨምር የሚችለው ቢበዛ 3 በመቶ ነው፤ የኑሮ ውድነቱ ከዚያ ካነሰ ጭማሪውም ያንሳል። በ300,000 ዶላር የገዛ ሰው ከዓመት በኋላ ቢሸጥ፣ የተፈቀደለት ማሻሻያ ካልተጨመረበት በቀር፣ ከ309,000 ዶላር በላይ አያገኝም፤ አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ የነጻ ገበያ ቤቱን በስንትም ቢሸጥ። የሚገዛውም እንደገና ዕጣ የወጣለት ሠራተኛ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሀብት አገኘ፤ አስፐን ላይ ዕጣ የወጣለት መኖሪያ አገኘ። ይህን ሳያጤን የሚገባበት ሰው ኋላ ይቆጨዋል፣ ምክንያቱም ከሸለቆው ልውጣ ባለ ጊዜ የያዘው ገንዘብ በግዛቱ ዋና ከተማ ዴንቨር እንኳ ቤት ላይገዛለት ይችላል። በእኔ ግምት ግን ሥርዓቱን ያቆየው ይኸው ጥብቅነት ነው። ገደቡ በአምስት ዓመት ቢነሣ ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ባለ ዕጣዎች ከብረው፣ ቤቶቹ ዛሬ የእረፍት ቤቶች ሆነው ነበር።

ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ዋጋው የታሰረ ቤት ባለቤት ጣሪያ ለመቀየር፣ ቦይለር ለማደስ ብዙም አይገፋፋም፤ ያወጣው ገንዘብ ሲሸጥ ሙሉ በሙሉ አይመለስለትማ። በዚህ ምክንያት የቆዩት የጋራ ሕንፃዎች እርጅና ተጭኗቸዋል፤ ማኅበሮቻቸውም ለጥገና በቂ ተቀማጭ የላቸውም። ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፦ በወጣትነታቸው ቤቱን ያገኙ ሠራተኞች ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል። ደንቡን ያሟሉ ጡረተኞች በቤታቸው እንዲቀመጡ ይፈቀድላቸዋል፤ ልጆቻቸው የወጡባቸው ባዶ መኝታ ክፍሎች ግን አሉ፤ ከከተማ ውጭ የሚያድሩ ወጣት ነርሶችና መምህራንም አሉ። ዕድሜውን በሙሉ ከተማዋን ሲያገለግል የኖረን ሰው ውጣ ማለት ይከብዳል፤ ወጣቷን ነርስ ጠብቂ ማለትም እንዲሁ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ዋናው ምንጭ እኛ አገር አሹራ እንደምንለው ያለ፣ ቤት ሲሸጥ የሚከፈል የስም ማዛወሪያ ግብር ነው። ገዢው ከመጀመሪያው 100,000 ዶላር በላይ ባለው ዋጋ ላይ 1 በመቶ ለሠራተኛ ቤቶች ይከፍላል፤ በ10 ሚሊዮን የተሸጠ ቤት 99,000 ዶላር ያስገባል ማለት ነው። ሌላ ግማሽ በመቶ ለዊለር ኦፔራ ቤትና ለኪነ ጥበብ ይሄዳል። ቤት በተወደደ ቁጥር የሠራተኛው ቤት ገንዘብ አብሮ ያድጋል። ሌሎች ከተሞች ግን ሊቀዱት አይችሉም፤ በ1992 የጸደቀው የኮሎራዶ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ አዲስ የስም ማዛወሪያ ግብር ይከለክላልና። የቀደሙት ብቻ ተረፉ።

ዕጣ ያልወጣለት ወደ ታች ይወርዳል። ሸለቆውን ተከትሎ ባሳልት፣ ካርቦንዴል፣ ግሌንውድ ስፕሪንግስ፣ ከዚያም ኮሎራዶ ወንዝን ይዞ ራይፍል አሉ፤ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል፣ መንገዱ ይረዝማል። ከግሌንውድ ወደ አስፐን 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከራይፍል ከ100 በላይ። ንጋት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ የሥራ ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ወፍራም ጃኬት የለበሱ ሰዎች አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ይሰለፋሉ፤ ብዙዎቹ ስፓኒሽ ያወራሉ። በ2013 የተጀመረው ፈጣን የአውቶቡስ መስመር በአሜሪካ ገጠር የመጀመሪያው ነው ይባልለታል። ጥሩ አገልግሎት ነው፤ ግን በረዶ በጣለ ቀን ወይም ከተማዋ መግቢያ ላይ መንገዱ ሲጠብብ ሰው በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ይቀራል።

ሸለቆው ውስጥ ተንቀሳቃሽ ቤቶች የቆሙባቸው ግቢዎችም አሉ። እዚያ ጎጆው የራስ ነው፤ የቆመበት መሬት ግን የሌላ ሰው ስለሆነ በየወሩ የቦታ ኪራይ ይከፈላል። ባለ መሬቱ ግቢውን ሲሸጠው ነዋሪው ጎጆውን ተሸክሞ የሚሄድበት የለውም፤ ስሙ ተንቀሳቃሽ ይሁን እንጂ ማንቀሳቀሱ እጅግ ውድ ነው። ኮሎራዶ በ2020 ባወጣችው ሕግ ግቢው ለሽያጭ ሲቀርብ ነዋሪዎቹ ተሰባስበው የመጫረት ዕድል እንዲያገኙ አድርጋለች።

በዴንቨርና በአውሮራ ሰፊ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አለ፤ ብዙዎቹም በታክሲና በሹትል ሥራ ላይ ናቸው፤ የተራራውን መንገድ ያውቁታል። ተራራ ላይ፣ አስፐንም ባይሆን፣ አነስተኛ ኮንዶ ገዝቶ ማከራየት የሚያስብ ካለ ከሜዳው ቤት የሚለዩትን ነገሮች አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። ባንክ ራስህ የምትኖርበትን ቤት፣ የእረፍት ቤትንና የኪራይ ቤትን ለየብቻ ያያል፤ ቅድሚያ ክፍያውም ወለዱም ይለያያል፤ ለኪራይ እየገዙ እኖርበታለሁ ብሎ መፈረም ወንጀል ነው። እንደ ሆቴል የሚተዳደሩ፣ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ያላቸው ኮንዶዎች በመደበኛው ብድር አይገዙም። የሕንፃው ማኅበር መዋጮ ከባድ ነው፤ የበረዶ ጠረጋው፣ የጋራ ማሞቂያው፣ ኢንሹራንሱ እዚያ ውስጥ አለ። የማኅበሩን ያለፉ ዓመታት ቃለ ጉባኤ ጠይቆ ማንበብ ከግድግዳ ቀለም ማየት ይበልጣል፤ ሊመጣ ያለ ልዩ መዋጮ የሚታወቀው እዚያ ነው። ለእንግዳ በቀን ማከራየትም እንደ ድሮው ልቅ አይደለም፤ አስፐን በዲሴምበር 2021 አዲስ ፈቃድ መስጠት አቁማ ነበር፣ በ2022 ደንብ አውጥታ ግብር ጨምራበታለች።

ጣሪያውን ደግሞ ከውጭ ብቻ አይቶ መመለስ አይበቃም። ከቤቱ የሚያመልጥ ሙቀት በረዶውን ከሥር ያቀልጠዋል፤ ውኃው ወርዶ ብርድ የያዘው አሸንዳ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይረጋና ግድብ ይሠራል። ከኋላው የሚወርደው ውኃ መውጫ ሲያጣ በጣሪያው ልባስ ሥር ሰርጎ ወደ ኮርኒስ ይገባል። ኮርኒሱ ጥግ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ምልክት ያየ ገዢ ኢንስፔክተሩን እዚያ ያቁመው። ሁለተኛው ራዶን ነው፤ ከድንጋዩ የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ። በአሜሪካ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር መንሥኤ እሱ ነው፣ ኮሎራዶ ደግሞ ብዙ አለባት። ምርመራው ርካሽ ነው፤ ከተገኘም ከወለል ሥር ጋዙን ስቦ በቱቦ የሚያስወጣ ማራገቢያ ይተከላል።

ሦስተኛው እሳት ነው። በጁላይ 2018 ባሳልት አጠገብ የተነሣው ሰደድ እሳት ከ12,000 ኤከር በላይ አቃጥሎ ሦስት ቤቶች አወደመ። በ2020 ግሌንውድ ካንየንን እሳት በላው፤ በ2021 የተራቆተው ገደል በዝናብ ተንዶ ዋናውን አውራ ጎዳና ለሁለት ሳምንት ያህል ዘጋ። ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከተራራው እየሸሹ ስለሆነ ግዛቱ በ2023 በወጣ ሕግ፣ ሌላ ቦታ ላጡ ሰዎች የመጨረሻ አማራጭ የሚሆን የኢንሹራንስ ተቋም አቋቁሟል። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ ከማስያዝ በፊት የኢንሹራንስ ዋጋ መጠየቅ ነው።

የስም ማዛወሪያውም ገደቡም ለሌሎቹ የተራራ ከተሞች በአንድ ልክ አልተሰፋም። ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሌድቪል ለዓመታት የአጎራባች የሸርተቴ ከተሞች ሠራተኛ ማደሪያ ሆና ኖራለች። ሌላዋ የሸርተቴ ከተማ ቬይል በበኩሏ በ2017 ሌላ መንገድ ጀመረች፦ አዲስ ቤት ከመሥራት ይልቅ ያለውን ቤት ገደብ ትገዛለች። ባለቤቱ ከከተማው ገንዘብ ይቀበላል፤ በምላሹ ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው፣ ባለቤትም ይሁን ተከራይ፣ በካውንቲው በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት የሚሠራ እንዲሆን በሰነዱ ላይ ይጻፋል። የገቢ ጣሪያ የለም፣ የመሸጫ ዋጋም አይታሰርም። ቤት የሚፈልጉ ጥንዶች ቅድሚያ ክፍያው ሲያጥራቸው ያን ገንዘብ ከከተማው ወስደው ቤቱን መግዛት ይችላሉ።