አይኮኖግራፊ ምንድን ነው? የጥንት ጦርነትን ከሥዕሉ ብቻ መለየት ይቻላል?

ታላቁ እስክንድር ፈረሱን እየጋለበ ወደ ፋርሱ ንጉሥ ወደ ዳርዮስ ሣልሳዊ ሠረገላ ሲገሠግሥ የሚታይበት፣ ከጥንቷ የሮማውያን ከተማ ከፖምፔይ የተገኘው ሞዛይክ (በደቃቅ ጠጠር የተሠራ ሥዕል) በየጊዜው በማኅበራዊ መገናኛ ይዘዋወራል። በቅርቡም ከሥዕሉ ሥር አንድ ጸሐፊ «በአይኮኖግራፊ የኢሶስ ጦርነት መሆኑ ተረጋግጧል» ብሎ ሲጽፍ፣ ሌላው «አይኮኖግራፊው በግልጽ የሚያሳየው ጋውጋሜላን ነው» ብሎ ሲመልስለት አነበብኩ። ኢሶስና ጋውጋሜላ ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት የተዋጉባቸው ሁለት ቦታዎች ናቸው። ስለ ጦርነቱ ከሁለቱ አንዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስለ አይኮኖግራፊ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል። ይህ ስሕተት እጅግ ስለተደጋገመ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

አይኮኖግራፊ በሥዕል፣ በቅርጽና በሞዛይክ ላይ የሚታዩ ሰዎችን፣ ዕቃዎችንና ሁኔታዎችን በዘመኑ ከነበረው የአሣሣል ልማድና በዘመኑ ከሚታወቁት ታሪኮች ጋር እያስተያዩ የመለየት ጥናት ነው። ቁልፍ የያዘው ጴጥሮስ፣ ዘንዶውን በጦር የሚወጋው ፈረሰኛ ጊዮርጊስ መሆኑን አንባቢ ስለሚያውቀው በዚህ አልዘገይም። ጥናቱ በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ግን የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪው ኤርቪን ፓኖፍስኪ እ.ኤ.አ. በ1939 ካቀረበው ምሳሌ የተሻለ አላውቅም። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ፍራንቼስኮ ማፌይ በአንድ እጇ ሰይፍ፣ በሌላው የተቆረጠ ራስ ያለበት ወጭት የያዘች ሴት ሥሏል። ሰይፉ የሆሎፎርኒስን ራስ የቆረጠችው ዮዲት ናት ያሰኛል፤ ወጭቱ ደግሞ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ በወጭት የተቀበለችውን ሰሎሜን ያስታውሳል፤ በመጽሐፈ ዮዲት የሆሎፎርኒስ ራስ የገባው ወደ ስንቅ ከረጢት እንጂ ወደ ወጭት አይደለምና። ፓኖፍስኪ መልሱን ያገኘው ሥዕሉን አፍጥጦ በማየት አልነበረም። ሌሎች ሥዕሎችን ሲመረምር ወጭት የያዘች ዮዲት በጀርመንና በሰሜን ጣሊያን መሣሏን አረጋገጠ፤ ሰይፍ የያዘች ሰሎሜ ግን አላገኘም። ስለዚህ ሴቲቱ ዮዲት ናት አለ።

እዚህ ላይ ጥናቱ የለየው ምን እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሁለት የታወቁ ታሪኮች፣ ለየራሳቸው የተለመደ ምልክት ያላቸው ሁለት ዓይነት ሥዕሎች ነበሩ፤ ጥናቱም ሥዕሉ ከየትኛው ዓይነት እንደሚመደብ ነገረን። የእስክንድር ሞዛይክ ጥያቄ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ኢሶስና ጋውጋሜላ በሥዕል አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሁለቱም እስክንድር ያጠቃል፣ ዳርዮስም ይሸሻል። አይኮኖግራፊ እስከ ዓይነቱ ያደርሰናል፤ ከዓይነቱ ወደ አንዱ ቀን ለመሻገር ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

አንድ ሰው በዘመድ ቤት ያረጀ የሠርግ ፎቶግራፍ አገኘ እንበል። ቬሎ የለበሰችው ሙሽራዋ፣ በግራና በቀኝ የተሰለፉት ሚዜዎች መሆናቸውን ማንም ሳይነግረው ይለያል። የማን ሠርግ እንደሆነ ግን ቬሎው አይናገርም፤ ሙሽሮች ሁሉ የሚለብሱት በመሆኑ ሠርግ መሆኑን ያስታውቃል፣ በዚያው ምክንያትም አንዷን ሙሽራ ከሌላዋ አይለይም። ፎቶግራፍ አንሺውም ያገኘውን ጥንድ ሁሉ በዚያው መናፈሻ፣ በዚያው አቋቋም ያነሣል፤ ቬሎው የኪራይ ከሆነ ደግሞ ያው ልብስ በሦስት ሠርግ ላይ ሊታይ ይችላል። ፎቶግራፉን ከአንድ ቀን ጋር የሚያገናኘው ወይ ከጀርባው የተጻፈ ስም፣ ወይ በዚያ ሠርግ ላይ ብቻ የደረሰ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ድንኳኑ በነፋስ ወድቆ ቢታይ። እሱም ቢሆን ድንኳን የወደቀው በየትኛው ሠርግ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ አይጠቅምም፤ አክስት «በሁለቱም ወድቋል» ካሉ ደግሞ ነገሩ እንደገና ይጠፋል።

የእስክንድር ሞዛይክ የገጠመው ችግር ይኸው ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1831 በፖምፔይ የፋውን ቤት በሚባለው መኖሪያ ወለል ላይ የተገኘ ሲሆን፣ አሁን በናፖሊ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ይገኛል። ከ5 ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ የተሠራውም ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሚሆኑ ደቃቅ ጠጠሮች ነው። በግራ በኩል እስክንድር ያለ ራስ ቁር፣ ጥሩሩ ላይ የሜዱሳ ፊት ተሥሎ ይታያል፤ ረጅሙ ጦሩ ፈረሱ የወደቀበትን አንድ የፋርስ መኰንን ጎን ዘልቆ ገብቷል። በቀኝ በኩል ዳርዮስ በሠረገላው ላይ እንደቆመ ቀኝ እጁን ወደሚሞተው ሰው ይዘረጋል፣ በግራው ባዶ ቀስት ይዟል፤ ሠረገላ ነጂው ግን ጅራፉን አንሥቶ ፈረሶቹን ለሽሽት አዙሯቸዋል። ከመንኰራኩሩ አጠገብ የወደቀ አንድ ፋርሳዊ የራሱ ፊት በጋሻ ላይ ተንጸባርቆ ይታያል። ስም የሚባል ነገር ግን በሥዕሉ ላይ አልተጻፈም።

ኢሶስ ነው የሚሉት በጥንቶቹ ታሪክ ጸሐፊዎች በዲዮዶሮስና በኩርቲዩስ ትረካ ይመረኰዛሉ፤ በዚያ ጦርነት የዳርዮስ ወንድም ኦክሳትሬስ በንጉሡ ሠረገላ ፊት ቆሞ ተዋግቷልና፣ በጦር የተወጋው መኰንን እሱ ነው ይላሉ። ነገር ግን ኦክሳትሬስ ከኢሶስ በሕይወት ወጥቷል፤ ኋላም እስክንድር ከባልደረቦቹ ቆጥሮታል። በሞዛይኩ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ከዚያ ቁስል የሚድን አይደለም። ጋውጋሜላ ነው የሚሉት በበኩላቸው ዲዮዶሮስ እስክንድር የወረወረው ጦር ዳርዮስን ስቶ ሠረገላ ነጂውን ገደለ ማለቱን ይጠቅሳሉ፤ በሞዛይኩ ላይ ግን ሠረገላ ነጂው በሙሉ ኃይሉ ጅራፉን እያወረደ ነው። ሌላውን የጥንት ታሪክ ጸሐፊ አርያኖስን ብንጠይቀው ደግሞ ዳርዮስ በኢሶስ ሠረገላውን፣ ጋሻውንና ቀስቱን ጥሎ እንደሸሸ ከተረከ በኋላ፣ ከጋውጋሜላ ሽሽት በኋላም ሠረገላው፣ ጋሻውና ቀስቱ ዳግመኛ እንደተማረኩ ይነግረናል። ድንኳኑ በሁለቱም ሠርግ ወድቋል ማለት ነው።

ጋውጋሜላ ነው ያለው አስተያየት ሰጪ የመጨረሻ ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው የመሬቱን አቀማመጥ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ333 ዓመት የተደረገው የኢሶስ ጦርነት በተራራና በባሕር መካከል፣ በወንዝ ዳር ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የጋውጋሜላው በሜዳ ላይ ነበር፤ በሥዕሉ ላይ ተራራም ወንዝም ባሕርም ስለማይታይ ጋውጋሜላ ነው ይላል። በዚያ ዘመን የነበሩ የግሪክ ሠዓልያን የመሬት ገጽታን በጥቂት ምልክት ይገልጹ እንደነበር ያልተረዳ ሰው ብቻ ነው ከባሕር አለመኖር እንዲህ ያለ ድምዳሜ የሚያወጣ። በሞዛይኩ ላይ ያለው የተፈጥሮ ነገር ጥቂት ድንጋይና አንድ የደረቀ ዛፍ ብቻ ነው። ዛፉንም ቢሆን ማርኮ ፖሎ በ13ኛው መቶ ዘመን በፋርስ ምሥራቅ ሜዳ ላይ እንዳለ ከሰማው፣ የአገሩ ሰዎች እስክንድርና ዳርዮስ የተዋጉበት ነው ከሚሉት «ደረቅ ዛፍ» ጋር ያገናኙት አሉ። ይህ አፈ ታሪክ ግን የተመዘገበው ከጦርነቱ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ቦታውም ከጋውጋሜላም ከኢሶስም እጅግ የራቀ ነው።

በሙያችን ሁልጊዜ የምናነሣቸው ሌሎች ጥንቃቄዎችም አሉ። ሞዛይኩ የተነጠፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ100 ዓመት ገደማ፣ ከጦርነቱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው፤ ከእሱ የሚቀድም የግሪክ ሥዕል ግልባጭ እንደሆነም በሰፊው ይታመናል። ገልባጩ ምን እንደጨመረና ምን እንደቀነሰ ማመሳከሪያ የለንም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ኤሬትርያ ከምትባለው የግሪክ ከተማ የመጣው ሠዓሊ ፊሎክሴኖስ ለመቄዶንያው ንጉሥ ለካሳንድሮስ የእስክንድርንና የዳርዮስን ጦርነት እንደሣለ ጽፏል፤ የትኛው ጦርነት እንደሆነ ግን አልገለጸም። ሄለን የተባለች ከግብፅ የመጣች ሠዓሊ የኢሶስን ጦርነት እንደሣለችም በኋላ ዘመን ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ ሞዛይኩ የእርሷ ሥራ ግልባጭ ቢሆን ክርክሩ ባለቀ ነበር፣ ግን እንደዚያ የሚያሰኝ ምንም ነገር በሥራው ላይ የለም። በዚያ ላይ የሞዛይኩ የግራ ክፍል በሰፊው ጠፍቷል፤ አንዱን ቀን ከሌላው የሚለየው ነገር በጠፋው ክፍል ላይ ኖሮ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ የኢሶስን ወገን ክርክር በጥቂቱ ጠንከር ያለ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ሁለቱ ነገሥታት ያን ያህል ተቀራርበው መታየታቸው በኢሶስ በሠረገላው ዙሪያ ከተደረገው ትንቅንቅ ትረካ ጋር ይስማማልና። ይህ ግን ዝንባሌ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ከሥዕሉ ሥር የምጽፈውም «እስክንድር ከዳርዮስ ጋር ሲዋጋ» ብቻ ይሆናል።

ከዚህ የሚከፋ ስሕተት ደግሞ አለ፤ ሥዕል ሁሉ የግድ አንድ የተፈጸመ ክንውን ያሳያል ብሎ መነሣት። ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልጥቀስ። ከአማን በስተ ምሥራቅ ባለው የዮርዳኖስ በረሃ በሚገኘው ቁሰይር ዐምራ በተባለ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ስድስት ነገሥታት ተሥለው ይታያሉ። ሕንፃው የተሠራው በ8ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ኡመያ ለተባለው የሙስሊም ሥርወ መንግሥት ልዑል ለወሊድ ኢብን የዚድ ነው። ከነገሥታቱ የአራቱ ማንነት በግሪክኛና በዐረብኛ ከተጻፈው ጽሑፍ ተነቧል፤ ቄሣር፣ የስፔኑ ሮደሪክ፣ የፋርሱ ኪስራና የአክሱሙ ነጃሺ። ሥዕሉ ነጃሺ የመጀመሪያዎቹን ሙስሊም ስደተኞች ሲቀበል ነው ለማለት የሚቸኩሉ አሉ። ይሁን እንጂ የፋርስ ሳሳናውያን ሥርወ መንግሥት ያከተመው እ.ኤ.አ. በ651 ነው፤ ሮደሪክ ደግሞ የነገሠው በ710 ገደማ ነው። እነዚህ ነገሥታት በአንድ ቦታ የተሰበሰቡበት ቀን ስለሌለ «የትኛው ክንውን ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ለዚህ ሥዕል አይገባም። ሥዕሉ ስለ ንግሥና የቀረበ አሳብ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች የተሸነፉ ነገሥታት ናቸው ሲሉ፣ ሌሎች ኡመያው ልዑል ራሱን የቆጠረበት የነገሥታት ቤተሰብ ነው ይላሉ፤ አክሱም በኡመያዎች አለመሸነፏ ሁለተኛውን አስተያየት ይደግፋል።

ጽሑፉም ቢሆን የሚነግረን እስከ አንድ ወሰን ነው። ነጃሺ የማዕረግ ስም ነው፤ ኪስራና ቄሣርም በዐረብኛ እንዲሁ ለየአገሩ ነገሥታት ሁሉ የሚሰጡ ናቸው፤ በግል ስሙ የተጠራው ሮደሪክ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው የአክሱም ንጉሥ ተብሎ መሣሉን በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል፤ አርማህ ነው፣ ካሌብ ነው ወይም ሌላ ነው የሚል ሰው ግን ማስረጃውን ከሥዕሉ ውጭ ማምጣት ይኖርበታል።