የሳንባ ካንሰር ሕመምን ስለ ማስታገስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የሳንባ ካንሰር የሚያመው ደረት ላይ ነው።» ሳንባው ራሱ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ እምብዛም የለውም፤ ሕመሙ የሚነሣው ዕጢው የሳንባውን ሽፋን፣ የጎድን አጥንትን ወይም አጠገቡ ያሉትን ነርቮች ሲነካ ነው። በሳንባው ጫፍ ላይ ያደገ ዕጢ ከትከሻ ተነሥቶ በክንድ ውስጠኛ ጎን እስከ ትንሿ ጣት የሚወርድ ሕመም ስለሚያመጣ፣ ታማሚው «ብርድ ነው» እየተባለ ሲታሽና ወጌሻ ቤት ሲመላለስ ሊከርም ይችላል። ሕክምናውም እንደ ምንጩ ይለያያል፤ ለሚያቃጥልና ለሚነዝር የነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን የተባለ መድኃኒት ሊጨመር ይችላል፤ ወደ አጥንት ለተዛመተው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር እንኳ ብዙዎችን ያስታግሳል።

«ሞርፊን የሚታዘዘው ተስፋ ሲቆረጥ ነው።» ከሁሉ ይልቅ ሕሙማንን የሚጎዳው ይህ ይመስለኛል። ሞርፊን የተባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚያሳዝዘው የሕመሙ ክብደት እንጂ የቀረው ዕድሜ አይደለም። ማስታገሻ ሕክምናን፣ ማለትም ሕመምንና ሌሎች ስቃዮችን የሚያቀልለውን እንክብካቤ፣ ከሞት ደጃፍ ጋር ብቻ ማያያዝም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመውና ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በ151 የተዛመተ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን ማስታገሻ ሕክምና ከጅምሩ ያገኙት ኑሯቸው የተሻለ ከመሆኑም በላይ፣ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር።

«ሞርፊን ሱስ ያስይዛል፤ ትንፋሽም ያቆማል።» ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ ሱስ አይደለም፤ ሱስ ማለት ጉዳቱ እየታየም መድኃኒቱን ከማሳደድ አለመታቀብ ነው፤ ይህም በሐኪም ክትትል ለካንሰር ሕመም በሚወስዱት ዘንድ ብዙ አይታይም። የትንፋሹ ስጋት መሠረት አለው፤ ሆኖም በትንሹ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ሲጨመር አደጋው አነስተኛ ነው፤ እንዲያውም ዝቅተኛ መጠን ለአንዳንድ ሕሙማን የትንፋሽ ማጠርን ሊያቀል ይችላል። ታማሚው ለመንቃት ከተቸገረ ወይም አተነፋፈሱ በጣም ከዘገየ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። ማቅለሽለሹና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ይለቃል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ ስለዚህ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ሊታዘዝ ይገባል።

«ሕመሙ ሲብስ ብቻ ይዋጥ።» የማያቋርጥ ሕመም በሰዓቱ በሚወሰድ መድኃኒት ይያዛል፤ ፈጥኖ የሚሠራው ሞርፊን ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ በመሀል ለሚያገረሽው ሕመም ሐኪሙ ተጨማሪ መጠን ያዝዛል።

«ሕመምን መናገር ሐኪምን ማስቸገር ነው።» ሌሊቱን በአንድ ጎኑ መተኛት አቅቶት ያደረ ሰው ጠዋት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ካለ መጠኑ የሚስተካከልበት መንገድ የለም። ከ0 እስከ 10 ቁጥር ሰጥቶ መናገር፣ ዝም ካለም አስታማሚው ያየውን ማስረዳቱ ይጠቅማል።

«ጸበል ከገቡ መድኃኒት ይቆማል።» ሞርፊንን ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ ሕመሙ ከማገርሸቱ ሌላ ላብ፣ ተቅማጥና ዕረፍት ማጣት ይከተሉታል። ማቆም ካስፈለገም መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ምክር ደረጃ በደረጃ ነው።