የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፦ ከዶርዜ ደጋ እስከ እንጦጦ ግርጌ

ሽሮ ሜዳ በሰሜን አዲስ አበባ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ አለፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው። ለከተሜው ሽሮ ሜዳ ማለት የሐበሻ ልብስ ገበያ ነው። የበዓል ቀሚስ የፈለገች፣ ለሠርጉ የሚለብሰው የጨነቀው፣ ለእናቱ ጋቢ መግዛት ያማረው ሁሉ መጀመሪያ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሱቆቹ አይደለም። ከሱቆቹ ጀርባ ቁጭ ብለው ስለሚሠሩት ሸማኔዎች፣ ስለ አሠራራቸውና ተባብረው ስለሚያቆሙት ነገር ነው። ስለ ቀሚሱ ፋሽን የተጻፈው ሞልቷል፤ ስለ ሠሪው ግን በአማርኛ አንድ ላይ ተሰብስቦ ማግኘት ይቸግራል።

መነሻ

የሽሮ ሜዳና የጉለሌ ሸማኔ አብዛኛው መሠረቱ ጋሞ ነው፣ በተለይ ዶርዜ። ዶርዜ ከአርባ ምንጭ በላይ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ዳገት ላይ ያለ ብርዳም ደጋ ነው። ቤቱ ከቀርከሃ ተጠልፎ ይሠራል፣ ቆጮው ከእንሰት ይጋገራል። ጥጥ ግን እዚያ አይበቅልም። ከታች ከቆላው፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቅ ዙሪያ ይመጣል። ብርዱ ላይ ያለው ሰው ሸማኔ፣ ሙቀቱ ላይ ያለው ጥጥ አብቃይ ሆኖ ተደጋግፈው የኖሩ ናቸው።

ሽመና በአገራችን በዶርዜ አልተጀመረም። በጎንደር ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ። ከዚያ በፊት ያለው ዘመን ረጅም ነው፤ ሸማ በብዙ ቦታ ለግብር ይከፈል እንደነበር ይታወቃል።

የዶርዜ ሰዎች ወደ አዲስ አበባ እንዴት መጡ በሚለው ላይ ሁለት አነጋገር አለ። አንዱ፣ በአፄ ምኒልክ የደቡብ ዘመቻ ጊዜ ተማርከው የመጡ ናቸው ይላል። ሌላው ደግሞ ከዘመቻው በኋላ ግብር በገንዘብ መክፈል ግድ ሲሆን፣ መሬቱም ሲጠብ፣ ወጣቱ ሙያውን ይዞ ወደ አዲሱ ከተማ ወጣ ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ሽመናውን የተማሩት እዚህ ከመጡ በኋላ ነው የሚለው ግን ለእኔ ፈጽሞ አይዋጥልኝም፤ በእጁ ሙያ ያልያዘ ሰው በባዕድ ከተማ እንዲህ ያለ ገበያ አይዝም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፣ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ሸማ ይፈልጉ ነበር፣ ሠሪዎቹም ከእንጦጦ ግርጌ ሰፈሩ።

ክብሩ ግን ቶሎ አልመጣም። ሸማውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ሸማኔውን ይንቅ ነበር። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውን ሸማኔ እያሉ መስደብ ይቅር ብለዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለበዛ ነው። በደርግ ጊዜ ሸማኔው በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጅ ተደርጓል።

አንድ ጋቢ በስንት እጅ ያልፋል

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ የብረት ዘንግ እየተንከባለለበት ፍሬው ከጥጡ ይለያል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ጥጡን ሲመታው እየተፍታታ፣ እየሳሳ፣ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ነው። ፈታይ የጋሞ ሴት ብቻ አይደለችም፤ በየገጠሩና በየከተማው ጎረቤት ተጠራርታ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጨዋታው ሲደራ እንዝርቱም አብሮ ይሾራል። የተፈተለው ልቃቂት ገበያ ይወጣል። ፈታይዋና ሸማኔው ብዙ ጊዜ ተያይተው አያውቁም፤ ይሁንና የሷ ፈትል ከወፈረ ወይም ከተቆራረጠ ቀኑን ሙሉ የሚሰቃየው እሱ ነው።

ዛሬ በእጅ የሚፈተለው በአብዛኛው ማጉ፣ ማለትም በጨርቁ አግድም የሚገባው ክር ነው። ድሩ፣ ማለትም በቁመቱ የሚወጠረው፣ የፋብሪካ ክር ሆኗል። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተተከለ፣ የባሕር ዳሩ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ጀመረ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የፋብሪካ ክር በየገበያው ገባ። የፋብሪካ ድር ሲወጠር አይበጠስም፣ ጊዜ ይቆጥባል። ሙቀቱንና ልስላሴውን የሚሰጠው ግን የእጅ ፈትሉ ማግ ነው።

ሸማኔው ድሩን ለማድራት እንጨት ተክሎ ክሩን ይዞ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። መሸመኛው መሬት ተቆፍሮ የሚሠራ ነው፤ ሰውየው አፋፉ ላይ ይቀመጥና እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መርገጫውን ይረግጣል። አንዱን ሲረግጥ ግማሹ ድር ይነሳል፣ ግማሹ ይወርዳል፣ በመሃል መወርወሪያው ከቀኝ እጅ ወደ ግራ ይበራል። መወርወሪያው ውስጥ ማጉ የተጠቀለለበት ቀሰም አለ። ቀሰም የሚያጠነጥኑት ብዙውን ጊዜ ሚስት ወይም ልጆች ናቸው፤ ወንድ ልጅ ሙያውን የሚጀምረውም በዚሁ ነው። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚሄድ የጨርቁ ወርድ ከሰውየው ክንድ አያልፍም። ለዚህ ነው ጋቢ ተገጣጥሞና ተደርቦ የሚሠራው። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው። ቡልኮ ከዚያም ይወፍራል።

ጥበብ፣ ማለትም ባለቀለሙ የጥለት ጌጥ ሲመጣ ፍጥነቱ ይቀራል። ሸማኔው የድሩን ክር በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል፣ ባለቀለሙን ክር ያስገባል፣ ይመታል፣ እንደገና ይቆጥራል። አንድ ክር ከሳተ አበባው ይጣመማል፣ ፈትቶ ወደኋላ መመለስ ነው። ድሮ ንድፉ የሚቀመጠው በጭንቅላት ብቻ ነበር። አሁን ደንበኛ በስልክ ፎቶ ትልካለች፣ ሸማኔው አይቶ ይቆጥረዋል። መጨረሻ ላይ ዘርፉ ይቋጫል።

በጋራ የሚሠራው

የሠርግ ትእዛዝ ሲመጣ አንድ ሸማኔ ብቻውን አይችለውም። ለሙሽራዋ ቀሚስ፣ ለሙሽራው፣ ለሚዜዎቹ፣ ለሁለቱም ወገን እናቶች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥለት ይፈልጋል። ስለዚህ ሥራው ለተለያየ ቤት ይከፋፈላል። ሲያልቅ ጎን ለጎን ተደርጎ ቀለሙና ስፋቱ ካልገጠመ ማንም ዝም አይልም። ከጥምቀት በፊት ደግሞ ሌሊትም ይሠራል፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ።

ከሥራው ውጪ እቁብና እድር አለ። ብዙው ሸማኔ ክር የሚያበድረውና ሥራውን የሚረከበው ነጋዴ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ እቁብ ሲደርሰው የራሱን ክር መግዛት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ትልቁ ቁጠባ ግን የመስቀል ነው። ጋሞዎች ዮ ማስቃላ የሚሉት በዓል ሲደርስ ሸማኔው ያጠራቀመውን ይዞ፣ ለወላጆቹ ልብስ ሸክፎ ወደ ደጋው ይመለሳል።

ክፉውንም ቀን አብረው አይተዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ከተገደሉትና ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። በዚያው ሰሞን አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ሲወጣ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። ይህን ስጽፍ ኩራት ይሰማኛል፣ አልደብቅም።

መሸፋፈን የሌለበት ነገርም አለ። ከጋሞ ደጋ ትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት ትገባላችሁ እየተባሉ መጥተው፣ ከጠዋት እስከ ማታ መሸመኛ ላይ የሚውሉበት ሁኔታ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ወላጅ ልጁን ማሠልጠኑ ሌላ፣ የሰው ልጅ አምጥቶ ጉልበቱን መብላት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሙያውን ያቆየው ነው። ሁለተኛው በሕግም በጋሞ ባህልም ነውር ነው።

አሁን

ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች የሚለው ደንብ እየላላ ነው። እዚያው እንጦጦ መንገድ ላይ የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር አለ፤ ጀርባቸውን የሚያጎብጠውን የባሕር ዛፍ ሸክም ጥለው መሸመኛ ላይ የተቀመጡ ሴቶች ሻርፕና ነጠላ ይሠራሉ። የጋሞው ዱንጉዛም በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ጥለቱ ከደጋው ወጥቶ በየመድረኩ የሚለበስ ሆኗል።

ዋናው ፈተና ከውጭ የሚገባው የታተመ ጥበብ ነው። ከሩቅ ያምራል፣ ዋጋውም ይቀላል፣ ሸማኔው በዚያ ዋጋ ሊወዳደር አይችልም። ለመለየት ጨርቁን ገልብጦ ማየት ነው። የታተመው በጀርባው የደበዘዘ ነው፣ የተሸመነው ግን ክሩ ሲገባና ሲወጣ ይታያል። የእጅ ፈትል መሆኑን ደግሞ ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ይበቃል፤ ማጉ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ሻጩን የማን ሥራ እንደሆነ መጠየቅም አይከፋም። ብዙ ሱቅ ውስጥ ሸማኔው እዚያው ከጀርባ ነው ያለው።