ስለ ጃፓኑ ብስክሌተኛ ዩኪያ አራሺሮ በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ከጓደኞቼ ጋር ብስክሌት እያየን የአራሺሮ ስም ሲነሳ ሁሌ አንድ አይነት ክርክር ነው የሚመጣው፣ እና ዛሬ ተራ በተራ ልጨርሰው። ዓመቶቹ ሁሉም በፈረንጅ ናቸው።

"ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው ጃፓናዊ እሱ ነው"

አይደለም። ቱር ደ ፍራንስ ማለት በየዓመቱ ፈረንሳይን የሚዞረው፣ ሳምንታት የሚፈጀው የብስክሌት ውድድር ነው። ኪሶ ካዋሙሮ የሚባል ሰውዬ በ1926ም በ1927ም ጀምሮ ሁለቴም አቋርጧል፣ ዳይሱኬ ኢማናካም 1996 ላይ ገብቶ ፓሪስ ሳይደርስ ቀርቷል። 2009 ላይ አራሺሮና ፉሚዩኪ ቤፑ አብረው ፓሪስ ገቡ፣ ስለዚህ የመጀመሪያ የሆኑት በመጨረስ ነው፣ እሱም ሁለቱም እኩል። አራሺሮ እንደውም በዛው ቱር ሁለተኛው ስቴጅ (የአንድ ቀን ውድድር) ላይ 5ኛ ወጥቷል።

"ጃፓኖች ኬይሪን ነው የሚያውቁት፣ እሱም ከዛ ነው የመጣው"

ኬይሪን 1948 ኮኩራ ከተማ ላይ የተጀመረ፣ ክብ ትራክ ላይ የሚሮጥ፣ ተመልካቹ ብር የሚያስይዝበት ውድድር ነው፣ ከአስፋልት ብስክሌት ጋር የሚያገናኘው ፔዳሉ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አራሺሮ የኢሺጋኪ ደሴት ልጅ ነው፣ ኦኪናዋ ውስጥ ሆና ከዋናው ደሴት ይልቅ ታይዋን የምትቀርባት ቦታ፣ ሃይስኩል እያለ ደግሞ የእጅ ኳስ ነበር የሚጫወተው።

"የጃፓን ስፖንሰር ለማስደሰት ነው የያዙት"

አውሮፓ ውስጥ በትልቅ ደረጃ መጀመሪያ የቀጠረው ቡድን ስፖንሰሩ ቡዊግ ቴሌኮም ነበር፣ የፈረንሳይ የስልክ ድርጅት፣ ጃፓን ሄዶ ሲም ካርድ አይሸጥም እኮ!

"አሸንፎ አያውቅም፣ ታዲያ ምኑ ነው ፕሮፌሽናል?"

ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። በመጀመሪያ አሸንፏል፣ 2012 ላይ ቱር ዱ ሊሙዛን የሚባለውን የፈረንሳይ ውድድር አጠቃላይ ወስዷል፣ የጃፓን ሻምፒዮንም ሆኗል። ዋናው ነገር ግን የተቀጠረው ለሌላ ስራ መሆኑ ነው። ብስክሌት ላይ ከሰው ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ንፋሱን ፊት ያለው ስለሚሰብርለት ብዙ ጉልበት ያተርፋል፣ ስለዚህ መሪው ጉልበቱ ለመጨረሻው ዳገት እንዲተርፈው ቀኑን ሙሉ ንፋሱን የሚበላለት ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ነው አራሺሮ። ወደ ኋላ ወደ ቡድኑ መኪና ይወርዳል፣ የውሃ ኮዳውን ጀርባው ላይ ማሊያው ውስጥ ይጠቀጥቃል፣ እንደ ግመል ጎብጦ ያንን ሁሉ ተሸክሞ እንደገና ወደ ፊት ይወጣል፣ ለቡድን ጓደኞቹ አድሎ ሲጨርስ ሌላ ዙር ይመጣል። በየቀኑ ደግሞ የሰዓት ገደብ አለ፣ ካሸናፊው በጣም ከዘገየህ በማግስቱ አትነሳም፣ ቤትህ ነው የምትሄደው። ይሄንን ሶስት ሳምንት ችሎ መጨረስ ቀላል ነው የሚል እስቲ ይሞክረው።

ነፃ ሲለቁት ደግሞ አይተነዋል። 2010 ጂሮ ዲ ኢታሊያ (የጣሊያን ዙር) ላይ ኖቪ ሊጉሬ ከተማ ያለቀው ስቴጅ ላይ 3ኛ ገብቷል፣ በዛው ዓመት ጂሎንግ፣ አውስትራሊያ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና 9ኛ። 2016 ቱር ስድስተኛው ስቴጅ ላይ ደግሞ ከያን ባርታ ጋር ሁለት ብቻቸውን ሆነው ሙቀቱ ውስጥ ከሌላው ሁሉ ቀድመው ሲነዱ ዋሉ፣ መጨረሻ ላይ ተያዙና ሞንቶባን ከተማ ላይ እንግሊዛዊው ፈጣን ካቨንዲሽ ስቴጁን ወሰደው፣ ለአራሺሮ ግን የቀኑ ተፋላሚ ሽልማት (በድፍረት ለታገለ ሰው የሚሰጥ) ተሰጠው። 2012 ላይም አንዴ አግኝቶታል።

"ከኛ ጋር ምን አገናኘው?"

ያው 2016 ላይ ላምፕሬ ሜሪዳ የሚባል ቡድን ውስጥ የቡድን ጓደኛው የኛው ፅጋቡ ግርማይ ነበር፣ ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። 2017 ላይም ሁለቱም አዲስ ወደተቋቋመው የባህሬን ቡድን ሄዱ፣ አራሺሮ እዛው እስከ 2024 ቆየ፣ 40 ዓመት እስኪሞላው ማለት ነው። ፅጋቡን ከኤርትራው ቢኒያም ግርማይ ጋር የምታምታቱ ሰዎች ደግሞ አላችሁ፣ የእናንተን ሌላ ቀን።