«ስንት ሰዓት ይይዛል?»፦ ስለ ላፕቶፕ ባትሪ በየሱቁ የምንሰማቸው ስህተቶች

ባለፈው ከአክስቴ ልጅ ጋር ያገለገለ ላፕቶፕ ልንገዛ ወጣን። ልጁ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ጥያቄው አንድ ብቻ ናት፦ «ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል?» መብራት እንደፈለገው በሚሄድበት አገር ይህ የደንብ ጥያቄ ነው። ሻጩም ለምዶታል። ቻርጀሩን ነቀለ። የስክሪኑን ብርሃን እስከ ታች አወረደው። የተከፈተውን ሁሉ ዘጋጋ። ከዚያ ማውሱን ወስዶ ጥግ ላይ ካለችው የባትሪ ምልክት ላይ አሳረፈ።

«ይኸው፣ 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። እኔ አይደለሁም፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚናገረው።»

የአክስቴ ልጅ ዞር ብሎ አየኝ። ሳቄን ዋጥ አደረግኩት። ሻጩ አልዋሸም፣ ኮምፒውተሩም አልዋሸም። ቁጥሩ ግን ለኛ የሚጠቅም አልነበረም። ስለ ባትሪ የሚወራው አብዛኛው ነገር እንደዚሁ ነው፤ ውሸት አይደለም፣ ግን አያገናኝም። ማክ ከዊንዶውስ፣ ዊንዶውስ ከሊኑክስ (በነፃ ከሚጫነው ሲስተም) እያወዳደርን የምንከራከረውም ብዙ ጊዜ በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ነው።

«ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ሰዓት እውነት ነው»

ይህ ቁጥር ልኬት ሳይሆን ግምት ነው። ላፕቶፑ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ባትሪው ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንደቀረና ሰሞኑን፣ ማለትም ባለፉት ጥቂት ደቂቃዎች፣ ምን ያህል እየሳበ እንደነበር። አንዱን ለሌላው ያካፍልና ሰዓት ይነግራችኋል። ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን አስቡ። ጠብ ጠብ ሲል አይታችሁ «ይሄማ እስከ ማታ ያደርሰናል» ብትሉ ትክክል ናችሁ። ቧንቧውን እስክትከፍቱት ድረስ። ሥራ ፈትቶ፣ ብርሃኑ ደብዝዞ 7 ሰዓት ያለው ላፕቶፕ፣ አሥር ታብና አንድ ቪዲዮ ስትከፍቱበት 3 ሰዓት ቢል አይግረማችሁ።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ፣ ሲዬራ 10.12.2 በተባለው የማክኦኤስ (የማክ ሲስተም) እትም፣ የቀረውን ሰዓት ከላይኛው መስመር ላይ ጭራሽ አነሳውና መቶኛውን ብቻ ተወ። ምክንያቱ «ቁጥሩ ትክክለኛውን አያሳይም» የሚል ነበር። ሰዎች «አዲሱ ማክቡክ ፕሮ ባትሪ አይቆይም» እያሉ በሚያማርሩበት ሰሞን ስለሆነ ግን ብዙ ተሾፈበት። ትኩሳት ሲጨምር ቴርሞሜትሩን እንደመስበር ይመስላል። እኔ ግን እዚህ ላይ ከአፕል ጋር ነኝ።

«ሚሊአምፕ የበዛው ይበልጣል»

ከስልክና ከፓወር ባንክ የመጣ ልማድ ነው። እነሱ ባብዛኛው በተቀራራቢ ቮልቴጅ ስለሚለኩ ሚሊአምፕ ማወዳደር ያስኬዳል። ላፕቶፕ ውስጥ ግን ሴሎቹ እየተቀጣጠሉ ነው የሚገቡት፤ ሦስት ተከታትለው ሲገቡ 11.1 ቮልት፣ አራት ሲሆኑ 14.8 ቮልት ይሰጣሉ። ሁለቱም ባትሪዎች ላይ 4,400 ሚሊአምፕ (ሙሉ ስሙ ሚሊአምፕ-ሰዓት) ተጽፎ ልታዩ ትችላላችሁ። በቮልቱ አባዝታችሁ ለሺህ ስታካፍሉት ግን አንዱ 49 ዋት-ሰዓት ገደማ፣ ሌላው 65 ነው። አንደኛው ጀሪካን በሲሶ ይበልጣል ማለት ነው።

ስለዚህ መታየት ያለበት ዋት-ሰዓት፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘው ጠቅላላ ኃይል ነው። ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው፦ 50 ዋት-ሰዓት ያለው ባትሪ፣ 5 ዋት ለሚስብ ላፕቶፕ 10 ሰዓት፣ 25 ዋት ለሚስብ 2 ሰዓት ይሆናል። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው ማለት ይቻላል።

የሞዴል ስም ብቻ ይዞ ማወዳደርም እዚሁ ላይ ይወድቃል። እዚህ አገር በብዛት የሚሸጠውን ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ውሰዱ። ውስጡ 24 ዋት-ሰዓት ባትሪ አለው፤ ከኋላ የሚሰካው ደግሞ 24፣ 48 ወይም 72 ሊሆን ይችላል። አንዱ በድምሩ 48፣ ሌላው 96 ይዞ «የኔ ቲ480 ካንተው እጥፍ ይቆያል» ቢል ምን ይገርማል? በነገራችን ላይ ትልልቅ ላፕቶፖች ላይ 99 ምናምን ዋት-ሰዓት የሚል ቁጥር የምታዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ100 ያለፈ ባትሪ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አውሮፕላን ላይ ይዞ መግባት አይቻልም።

«ካምፓኒው 18 ሰዓት ብሏል»

ብሏል። 15ም ብሏል። ኤም1 ቺፕ ያለው ማክቡክ ኤር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ሲወጣ አፕል ሁለት ቁጥር ነው የሰጠው፦ ፊልም ለማየት እስከ 18 ሰዓት፣ በዋይፋይ ድረ-ገጽ ለማሰስ እስከ 15። ሰው የሚያስታውሰው ትልቁን ነው።

ባትሪው 49.9 ዋት-ሰዓት ነው። ለ18 ሲካፈል 2.8 ዋት አካባቢ፣ ለ15 ሲካፈል 3.3 ይመጣል። ስክሪኑ፣ ዋይፋዩ፣ ቺፑ ሁሉም ተደምረው ቤታችን ካለው የኤልኢዲ አምፖል ያነሰ ይስባሉ ማለት ነው። ፊልም ከድረ-ገጽ መቅለሉ ይገርም ይሆናል። ቪዲዮ የሚፈታው ለዚያ ብቻ የተሠራ ትንሽ የቺፑ ክፍል ነው፤ ቀሪው ተኝቷል። ድረ-ገጽ ግን ባወረዳችሁትና በነካካችሁት ቁጥር ዋናውን ፕሮሰሰር ይቀሰቅሰዋል።

አሁን የግርጌውን ደቃቃ ጽሑፍ እናንብብ። የስክሪኑ ብርሃን «ከታች 8 እርምጃ» ላይ ነው ይላል። ማክ ላይ ያለው እርምጃ 16 ስለሆነ፣ ግማሽ ላይ መሆኑ ነው። ሌላው አምራች በ150 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ)፣ ሌላው በ200 ይለካል። ካፌ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየመታው የሚሠራ ሰው ደግሞ ብርሃኑን ጣሪያ ያስነካዋል። የአምራች ቁጥር ከራሱ ከአምራቹ ሌላ ሞዴል ጋር ለማወዳደር ይጠቅማል። የአንዱን ካምፓኒ ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ግን በኪሎና በጣሳ የተሰፈረ ጤፍ ማወዳደር ነው።

«አንዴ ፈትሼዋለሁ፣ አውቀዋለሁ»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ጥሩ ታሪክ አለ። ኮንሱመር ሪፖርትስ የአሜሪካ አንጋፋ የሸማቾች ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ አዲሶቹን ማክቡክ ፕሮዎች ፈተሸና ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። ባለ 13 ኢንቹ፣ ከኪቦርዱ በላይ «ተች ባር» የምትባል በጣት የምትነካ ቀጭን ስክሪን ያለው ሞዴል፣ በመጀመሪያው ሙከራ 16 ሰዓት ቆየ። በሁለተኛው 12 ከ45 ደቂቃ። በሦስተኛው 3 ከ45። ያው ማሽን፣ ያው ፈተና! ድርጅቱ «ይህን ግዙ አልልም» አለ። ማክቡክ ፕሮ እንዲህ ሲገጥመው የመጀመሪያው ነበር።

አፕል ገብቶ መረመረ። ጉዳዩ እንዲህ ነበር፦ ፈታሾቹ ሳፋሪ ብራውዘር ላይ የድረ-ገጽ ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙባትን አንዲት ሴቲንግ ነክተው፣ ብራውዘሩ ያየውን ገጽ እንዳያስቀምጥ አድርገዋል። የሚያደርጉትም እያንዳንዱ ገጽ በየጊዜው ከኢንተርኔት እንዲወርድ፣ ፈተናው ለሁሉም ላፕቶፕ እኩል እንዲሆን ነው። ሴቲንጓ ግን ሳፋሪ ውስጥ የተደበቀች ስህተት ቀሰቀሰች፤ ስህተቷ ደግሞ አንዴ ትመጣለች፣ አንዴ ትጠፋለች። አፕል ስህተቱን አስተካከለ፣ ድርጅቱም ደግሞ ፈትሾ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ሐሳቡን ቀየረ።

ጥፋተኛው ማን ነው ብላችሁ ብትከራከሩ አልፈርድም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ሙከራ ብቻ አድርገው ቢሆን ኖሮ 16 ሰዓት ብለው ያሞግሱት ነበር። ሦስተኛውን ብቻ ቢያደርጉ ደግሞ «ቆሻሻ» ይሉት ነበር። ቤተ ሙከራ ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ «የጓደኛዬ ማክ ትናንት 14 ሰዓት ቆየ» የሚለውን ምን ልናደርገው ነው?

«ሊኑክስ ቀላል ስለሆነ ባትሪ ይቆጥባል»

ተቃራኒውም ይነገራል፦ «ሊኑክስ ባትሪ ይበላል።» ሁለቱም ወገኖች በማሽናቸው ይምላሉ።

ስህተቱ «ቀላል» ከሚለው ቃል ይጀምራል። ሊኑክስ ትንሽ ራም ይይዛል፣ እውነት ነው። ራም ግን ግማሹ ቢሞላም ሙሉው ቢሞላም የሚስበው ኃይል ያን ያህል አይለያይም። ባትሪን የሚወስነው ሥራ በሌለበት ቅጽበት እያንዳንዱ ቺፕ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚተኛ ነው። እናንተ አንድ ፊደል መትታችሁ ቀጣዩን እስክትመቱ ድረስ ፕሮሰሰሩ ብዙ ጊዜ መተኛት ይችላል። እንዲተኛ የሚያደርገው ደግሞ ድራይቨሩ፣ ማለትም ሲስተሙን ከቺፑ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ በደንብ የተሠራለት ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ከዊንዶውስ እኩል ወይም የበለጠ ሊቆይ ይችላል። ካልተሠራለት ደግሞ አንድ ቺፕ ብቻ ነቅቶ ሁሉን ያበላሻል።

የራሴን ልንገራችሁ። ሁለት ግራፊክስ ካርድ (አንድ ትንሽ ቆጣቢ፣ አንድ ትልቅ) ያለው ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጫንኩና ምንም ሳልሠራ ማራገቢያው አላርፍ አለ። ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ካውያ ሆነ። ኢንቴል የሠራትን ፓወርቶፕ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ከፍቼ ሳይ፣ ለጌም የተሠራው ትልቁ ግራፊክስ ካርድ ያለ ሥራ ነቅቶ ተቀምጧል። 6 ዋት በሚበቃው ማሽን ላይ የ6 ዋት ደባል መጨመር ዕድሜውን እኩሌታ ይቆርጠዋል። እሱን አስተኛሁት፣ ነገሩ አለቀ። ሊኑክስን ስሰድብ የከረምኩት በከንቱ ነበር።

ቪዲዮም ሌላ ወጥመድ ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ የሊኑክስ ብራውዘሮች ቪዲዮውን ለዚያች ልዩ ክፍል ሳይሰጡ በዋናው ፕሮሰሰር ይፈቱት ነበር። ፋየርፎክስ የሚባለው ብራውዘር ኢንቴል ግራፊክስ ላይ ቪዲዮውን ለልዩዋ ክፍል መስጠት በራሱ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ115ኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ የንጽጽር ጽሑፍ ካገኛችሁ ቀኑን እያያችሁ።

«አንድ ማሽን ላይ ሁለቱንም ጭኖ ማወዳደር እንኳ?» ትሉ ይሆናል። ይሻላል፣ ግን እሱም ያሳስታል። በኢንቴል ዘመን ቡት ካምፕ በሚባለው መንገድ ማክቡክ ላይ ዊንዶውስ የሚጭኑ ሰዎች «ዊንዶውስ ባትሪ ጨራሽ ነው» ብለው ደመደሙ። ሁለት ግራፊክስ ያላቸው ማክቡክ ፕሮዎች ግን ዊንዶውስ ሲጫንባቸው የሚሠሩት በትልቁ ካርድ ብቻ ነበር። በማክኦኤስ ጊዜ ትንሿ ናት የምትሠራው። የተወዳደሩት ሁለት ካርዶች ናቸው፤ ስሙ ግን ለዊንዶውስ ተሰጠ።

«ኤአርኤም ከሆነ ይቆያል፣ ኢንቴል ከሆነ አይቆይም»

ኤአርኤም በስልኮች የሚታወቀው የፕሮሰሰር አሠራር ነው። በእሱ የተሠሩት የአፕል ቺፖች ይህን እምነት አነገሡት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ስናፕድራገን ኤክስ የሚባለው የኤአርኤም ቺፕ ያላቸው የዊንዶውስ ላፕቶፖች ሲወጡም አጠናከሩት። ከዚያ በመስከረም ኢንቴል ሉናር ሌክ የሚለውን ትውልድ አወጣ። ያው የድሮው የኢንቴል አሠራር፣ ኤክስ86 የሚባለው ነው፤ ነገር ግን ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ተደርጎ፣ ኃይል እንዲቆጥብ ከሥር የተሠራ ነው። በባትሪ ከነዚያ የማይተናነስ ሆኖ ተገኘ።

«ብራውዘር ለውጥ አያመጣም»

ያመጣል። የቱ እንደሚሻል የሚነግራችሁን ግን ማንነቱን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክሮሶፍት ቪዲዮ ፈተና አድርጎ የራሱን ኤጅ 7 ሰዓት ከ22፣ ክሮምን 4 ሰዓት ከ19 አገኘሁ አለ። ኦፔራ ወዲያው የራሱን ፈተና አደረገና፣ ማን አሸነፈ? ኦፔራ። ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ሰው ነው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ኤጅ ከክሮም ጋር በአንድ ሞተር ላይ ስለቆመ ያ ሁሉ ቁጥር የታሪክ ዕቃ ሆኗል።

«ክዳኑን ዘግቼዋለሁ፣ ጠፍቷል»

አልጠፋም። ብዙ አዳዲስ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ሲዘጉ እንደ ስልክ አንድ ዓይናቸውን ከፍተው ነው የሚተኙት፤ ኢሜይል ሊያዩ ይችላሉ፣ አፕዴትም ሊያወርዱ ይችላሉ። ጠዋት ቦርሳ ውስጥ ሞቆ ካገኛችሁት ይኸው ነው። ሃይበርኔት አድርጉት፤ ያኔ የተከፈተውን ሁሉ አስቀምጦ ይጠፋል።

«ያገለገለ ቢሆንም ያው ሞዴል ነው»

ወደ ሱቁ እንመለስ። ሊትየም ባትሪ በተጠቀሙበት ቁጥር ያረጃል። ብዙዎቹ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሞልተው ባዶ ከሆኑ በኋላ አቅማቸው በግልጽ ይቀንሳል፤ አፕል ለማክቡኮቹ 1,000 ዙር ይላል። የአንድ ዓመት ማክን ከአምስት ዓመት ዊንዶውስ ጋር ስታወዳድሩ የምታወዳድሩት ዕድሜን ነው።

ሻጩን «አንዴ ልየው?» አልኩት። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ፣ በላቲን ፊደል ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ባትሪሪፖርት ብዬ ጻፍኩ። ዊንዶውስ አንድ ገጽ አዘጋጀና የት እንዳስቀመጠው ነገረኝ። ከፈትኩት። መታየት ያለበት ሁለት መስመር ብቻ ነው። ዲዛይን ካፓሲቲ፣ ማለትም ከፋብሪካ ሲወጣ፦ 50,040 ሚሊዋት-ሰዓት። ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ፣ ማለትም ዛሬ ሲሞላ፦ 30,020። ጀሪካኑ ከግማሹ ትንሽ ከፍ ብሎ ተቀዷል።

ይህም ቢሆን ባትሪው ስለራሱ የሚናገረው ነው፤ ኮፒ ባትሪ ላይ ሊዋሽ ይችላል። ስለዚህ ብርሃኑን ግማሽ ላይ አድርገን፣ ቪዲዮ ከፍተን፣ ማዶ ካለው ቤት ቡና ጠጥተን ተመለስን። ግማሽ ሰዓት። 100 የነበረው 84 ብሏል። የአክስቴ ልጅ በጣቱ ቆጠረና «ሦስት ሰዓት» አለ።

ሻጩ ገጹን ደጋግሞ አየው። ዋጋውን ቀነሰልን፣ ባትሪውን ለመቀየር እንዲበቃ። ልንወጣ ስንል ግን ጠራኝ፤ እስክሪብቶና የካርቶን ቁራጭ ይዟል። «ወንድሜ፣ ያቺን ትእዛዝ ጻፍልኝ። ለኔም እኮ እንዲሁ እያሉ ነው የሚሸጡልኝ።»